አባባ ወልዴ ያልተቀመጡበት ወንበር

ባለፈው ሳምንት እማማ ዘነበችን ቀበርን። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው ነው ያረፉት። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ለሁላችን እንዲህ ያለ ሞት ይስጠን። ክረምት ስለሆነ የእድሩ ሰዎች አዲሱን ስስ ድንኳን ትተው አሮጌውን ወፍራም ሸራ አውጥተው ተከሉት። ዝናቡን የሚችለው እሱ ነው። ልጄ አቤል ክንዴን ይዞ ሲያስገባኝ የሸራው ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። እርጥብ ሸራ፣ የሲባጎ ገመድ፣ ትንሽ የአይጥ፣ ትንሽ የጭስ። ቆም አልኩ።

«እማ፣ ምነው? እግርሽን ነው?»

«አይ፣ ሽታው ነው።»

«ይከብዳል አይደል? ወደ ዳር እንቀመጥ።»

«አንተ እኮ እዚህ ሸራ ላይ ተኝተህ ነው ያደግኸው» አልኩት።

ቀልድ መሰለው። በምን ያስታውስ፤ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር። አሁን ጢሙን ሽበት ጀምሮታል።

ያኔ ኮልፌ እንዲህ አልነበረም። አስፋልቱ አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ደርሶ ወደ ውስጥ ስንገባ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኮረኮንችና ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ሰው ሁሉ በኮንጎ ጫማ ይሄዳል፤ ደህናውን ጫማ በፌስታል ይዞ ማዞሪያው ጋ ሲደርስ ይለውጣል፤ ኮንጎውን ለሱቋ ልጅ አደራ ይሰጣል። ማታ ሲመለስ ከሱቁ ደጃፍ የራሱን መርጦ ያነሳል። የማንም አይጠፋም ነበር። ታክሲው በስሙኒ ጦር ኃይሎች ያደርሳል፤ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሆነን፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ፣ እትዬ አንዴ ትንፋሽ ያዙልኝ!» እያለ። ማዞሪያው ጥግ የካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ የወደደውን ዘፈን ጠዋት ካስገባ እስከ ማታ እሱኑ ነው፤ ሳንወድ በግዳችን ግጥሙን እንሸመድዳለን። ሴቱ ከጉልበት በታች የሚደርስ አበባ ያለበት የፖሊስተር ቀሚስና በእጅ የተሠራ ሹራብ ይለብሳል። እኔ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ነበረኝ። እሱን ለብሼ ነው ያስተማርኩት ሁሉ የተማረው።

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርኩ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንገድ ሥራ ላይ ክፍለ ሀገር ነበር የሚውለው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈር ሰው እየመጣ «ቲቸር፣ እኛንስ?» ይለኝ ጀመር። ጊዜው ብዙ ነገር የተለወጠበት ነበር። የውጭ ሰው ወደ ከተማው ይገባል፤ ግቢ ይከራያል፤ ዘበኛ፣ ምግብ አብሳይ፣ ቤት ጠባቂ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ ለወግ ሳይሆን ለእንጀራ የሚፈለግበት ዘመን መጣ። የእኔ ቤት ግን አንድ ክፍል ነው። አልጋው ላይ አምስት፣ ደጃፉ ላይ ሦስት አድርጌ ሞከርኩ። አልሆነም።

የእድሩን ቤት የሰጡን አባባ ወልዴ ናቸው፤ የእማማ ዘነበች ባለቤት። የእድሩ ንብረት ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ቁልፉ በአንገታቸው በገመድ ታስሮ ከማተባቸው ጋር ይንጠለጠላል። ቤቱ ውስጥ ድንኳኑ ታጥፎ ጥግ ይቀመጣል፤ ድስቱ፣ ትሪው፣ ባልዲው፣ ኩባያው ግድግዳው ሥር ይደረደራል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ደግሞ መሃሉን ይዘዋል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው። «ሰው ሲሞት ወንበሩ የሟች ነው። የዚያን ቀን ትምህርት የለም፤ ብትለምኑኝም አልሰማም» አሉ። እሺ አልን። ሁልጊዜ ከአስር ሰዓት በኋላ በሩን ከፍተው ያስገቡናል፤ ከዚያ አይሄዱም። ወንበር እንዳይሰበር እየጠበቁ ኋላ ይቀመጣሉ። አቤልን ድንኳኑ ላይ አስተኛዋለሁ። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ሲያለቅስ አባባ ወልዴ በእግራቸው ሸራውን ነካ ነካ ያደርጉለታል፤ ዝም ይላል።

ጥቁር ሰሌዳ አልነበረኝም። ስለዚህ በወንበሮቹ አስተማርኩ። ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር «ትናንት» አልኩት፣ መሃል ያለውን «ዛሬ»፣ በሩ ጋ ያለውን «ነገ»። ስሙን በጠመኔ ጀርባቸው ላይ ጻፍኩ። ተማሪው «ትናንት» ላይ ተቀምጦ ያለፈውን ይናገራል፤ ተነስቶ «ዛሬ» ላይ ሲቀመጥ ግሱን ይለውጣል፤ በሩ ጋ ሲደርስ «ዊል» ይጨምራል። ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቀን ሲሠሩ ውለው ነው የሚመጡት፤ ቁጭ ብለው ቢማሩ ይተኛሉ። ከወንበር ወንበር ሲሄዱ ግን እየሳቁ ይማራሉ። ግሱን ከአፋቸው ይልቅ እግራቸው ቀድሞ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ የማስተማር ዘዴ ሰልጥኛለሁ፤ ከዚያ የተሻለ አላየሁም።

ተማሪዎቹን ሁሉ ባነሳ መሸ። ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንዱ ጋሽ ሽኩር ነው፤ የስልጤ ሰው፣ የአንድ የውጭ ዜጋ ግቢ ዘበኛ። ከቃል ሁሉ «መስት» የሚለውን ወደደ።

«ቲቸር፣ ይቺ ቃል ለበር ትሆናለች። ‹ዩ መስት ዌይት!› አለቀ።»

«ለእንግዳ እንዲህ አይባልም ጋሽ ሽኩር። ‹ኩድ ዩ ዌይት፣ ፕሊስ› ነው የሚባለው።»

«እኔ ዘበኛ ነኝ እኮ! ለምኜ ነው የማስቆመው?»

«ለአባባ ወልዴ ‹ቁም!› ይሏቸዋል?»

«አስተግፊሩላህ!»

«ምን ይላሉ ታዲያ?»

«‹እስቲ ትንሽ ይቁሙ› ነዋ።»

«ያ ‹ኩድ› የሚባለው እሱ ነው።»

ትንሽ አሰበና «እንዲህ በይኛ! ፈረንጅም አንቱታ አለው ለካ» አለ። እነዚያን አስቸጋሪ አጋዥ ግሶች ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚሁ መንገድ አስተማርኳቸው። የቱ ለታላቅ፣ የቱ ለእኩያ፣ የቱ ለልጅ እንደሚሆን እየጠየቅሁ። ከኋላችን አባባ ወልዴ ግን «መስት»ን ደግፈው ነበር። ትርጉሙን ሲሰሙ «እሱ ደህና ቃል ነው። ሞት መስት ነው፤ ሌላው ሁሉ ኩድ ነው» አሉ። ከእንግሊዝኛ ያወቁት ይህንን ነው።

ሌላዋ አስካለ ናት። የእኔ እኩያ ነበረች። ባሏ በመኪና አደጋ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ ልብስ እያጠበች ትኖራለች። እጇ ሁልጊዜ ከሳሙናው የተነሳ ነጭ ነው። ጎጃም ያለ ወንድሟ «ልጆቹን አምጪልኝና አንቺ ሰው ቤት ግቢ» ብሎ ልኮባት ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሌላ መንገድ አልታየውም። እሷም ሌላ መንገድ ካላገኘች ፍልሰታ ሲፈታ ልትልካቸው ተስማምታለች። በዚያ ክረምት ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሊከፈት ነበር። ክፍሎቹን የምትይዝ፣ እንግዳ ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ሴት ይፈልጋል። አስካለ ተመዘገበች። የቃል ፈተና አለው። አለፈች ማለት ልጆቿ ኮልፌ ይቀራሉ፤ ወደቀች ማለት ይሄዳሉ። የተማረችው ለዚህ ነው። ለሌላ ነገር አልነበረም።

ያለፈውንና ያሁኑን ቶሎ ያዘች። በሩ ጋ ባለው ወንበር ላይ ግን ችግር መጣ። መጀመሪያ ቀን ተቀምጣ «ነገ መርካቶ እሄዳለሁ» ብላ በእንግሊዝኛ አለች። አሞገስኳት። ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር።»

«አቤት አባባ።»

«ይቺ ልጅ አሁን ምን አለች?»

ነገርኳቸው።

«እሄዳለሁ። በቃ?»

«በቃ አባባ።»

«ነገን ማን ሰጣት?»

ጋሽ ሽኩር «እውነትም፣ ፈረንጆቹ ኢንሻአላህ የላቸውም እንዴ?» አለ።

«አላቸው» አልኩ። «ግን በየዓረፍተ ነገሩ አይሉትም።»

«ለዚህ ነዋ የሚቸኩሉት» አሉ አባባ ወልዴ።

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ያቺን «ነገ» የተባለች ወንበር አይተው «እኔ ያልተሰጠኝ ላይ አልቀመጥም» አሉ። እውነትም አንድ ቀን አልተቀመጡባትም። ጣሪያው አፍስሶ ሌላው ወንበር ሲረጥብ እንኳ ቆመው ነው የዋሉት። እኔ በእምነቴ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ያሉት ልክ እንደሆነ አውቃለሁ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ግን እንዲያ አይልም። ስለዚህ ተስማማን። ነገ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ይላል፤ ሌላው ክፍል በሙሉ «እግዚአብሔር ከፈቀደ!» ብሎ ይመልሳል፤ ጋሽ ሽኩር ደግሞ ከሁሉም በኋላ ብቻውን «ኢንሻአላህ» ይላል። መንገደኛው ማኅበር የምንጠጣ ይመስለው ነበር። አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ «የማን ማኅበር ነው?» ብላ ጠይቃናለች።

ይህ ለሁላችንም ጨዋታ ሆነ፤ ለአስካለ ግን ልማድ ሆነባት። ፈተናው ሲቃረብ እኔ ጠያቂ ሆኜ አለማምዳት ጀመር። «ጠዋት በጊዜ ትገቢያለሽ?» እላታለሁ በእንግሊዝኛ። «የስ፣ አይ ዊል» ትልና ወዲያው በአማርኛ «ከፈቀደ» ትላለች። አታስተውለውም። እንደ እስትንፋስ ነው የሚወጣት።

«አስካልዬ፣ እዚያ ይህንን አይረዱትም። ቃሉ ያልገባሽ ወይም የተጠራጠርሽ ይመስላቸዋል።»

«ቲቸር፣ ሁለት ልጅ ይዤ በነገ እንዴት እምላለሁ? ባሌም ‹ማታ እመጣለሁ› ብሎ ነው የወጣው።»

አባባ ወልዴ ኋላ ሆነው ሲሰሙን ቆዩና ተነሱ።

«ነይ እስቲ ወዲህ። እዚያ ስትገቢ በፈረንጅኛው ‹እመጣለሁ› በይና አፍሽን ያዥ። ‹ከፈቀደ›ን እኔ እዚህ ሆኜ እልልሻለሁ።»

«ይሰማል ብለው ነው አባባ?»

«ማ? ፈረንጁ?»

«እግዚአብሔር።»

«ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች የማይሰማ ከሆነማ ከጥንቱም ምን ልናደርግ ነው የጸለይነው?»

አስካለ ሳቀች። ሸክም የወረደላት ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ «አይ ዊል» ትልና ወደ ኋላ ታያለች፤ እሳቸው በከንፈራቸው ብቻ ይሏታል። እሷ ዝም ትላለች። ሠራ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ጡሩምባ ተነፋ። አቤልን ታቅፌ በሩን ከፍቼ አዳመጥኩ። የእድሩ ለፋፊ ስም ሲጠራ አባባ ወልዴ ናቸው። ተኝተው በዚያው አርፈዋል። ተንበርክኬ አለቀስኩ። ቤታቸው ስደርስ እማማ ዘነበች ቁልፉን ከአንገታቸው ፈተው በእጃቸው ይዘው ነበር። ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ ክፈችው። ወንበሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ተማሪዎቼ ናቸው ወንበሮቹን ተሸክመው ያወጡት። ትናንት፣ ዛሬ፣ ነገ ሁሉም ተደባልቀው ወጡ። ጠመኔው ከጀርባቸው ላይ በዝናብ ሲታጠብ አየሁ። ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ የቱ የቱ እንደነበረ መለየት አልቻልኩም። ለቀስተኛው ገብቶ ተቀመጠባቸው።

ፈተናው በሰልስቱ ጠዋት ላይ ነበር። አስካለ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም፤ እኔ ነኝ ያስታወስኩት። በዋዜማው ከድንኳኑ ጀርባ እየታጠበ በሚቆለለው ኩባያ አጠገብ ቁጭ ብለናል፤ እሷ ታጥባለች፣ እኔ አለቀልቃለሁ።

«አልሄድም» አለች።

«አስካልዬ…»

«እንደ አባት የሆኑኝን ሰው ሰልስት ጥዬ ሥራ ፍለጋ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል? እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ?»

ሂጂ ልላት ከበደኝ። ልክ ናት። ነውር ነው። ልጆቿ ደግሞ እዚያው ደጃፍ ላይ ንፍሮ እየበሉ ተቀምጠዋል። ቢያንስ ልምምዱን አንተው ብዬ በሹክሹክታ መጠየቅ ጀመርኩ። ኩባያ ስታነሳ «ምን እያደረግሽ ነው?» እላለሁ። «እያጠብኩ ነው» ትላለች በእንግሊዝኛ። ታስቀምጣለች። «አሁንስ?» «አጥቤዋለሁ።» አንዲት ጎረቤት ድስት እየፈተገች ሰማችንና «እናንተ! የሰውየው አፈር ሳይደርቅ ፈረንጅኛ?» ብላ ተቆጣች። ወደ ኩባያችን ተመለስን።

በሰልስቱ ጠዋት እማማ ዘነበች ለጸሎት ከተቀመጡበት አስጠሩን። ነገሩን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት አባባ ወልዴ ራሳቸው ቀድመው አውርተውላቸው ይሆናል፤ በየማታው ቤት ሲገቡ ስለ «ዊል» ሲያማርሩ ነበር የሚያመሹት። አስካለ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ዛሬ ነው አይደል?» አሉ እማማ ዘነበች ቀስ ብለው።

«እማማ፣ አልሄድም። ሰልስታቸው…»

«ዝም በይ። እሳቸው ያንን ወንበር የሰጡሽ በሰልስታቸው ቀን ልታለቅሽበት ነው?» ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ጥቁር የቆዳ ጫማ ነው፣ ለበዓል የሚያደርጉት። «እኔ እስከ አርባ ከዚህ ቤት አልወጣም። ጫማ ምን ያደርግልኛል? አድርጊው።»

«ሰዉስ እማማ?»

«ሰዉን ለእኔ ተይው።» ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ድንኳኑ በሙሉ እንዲሰማ «አስካለ! ስኳር አልቋል። ጦር ኃይሎች ካለው ሱቅ ገዝተሽልኝ ነይ፤ ከሌላ ቦታ አልፈልግም!» አሉ።

ስኳር ኩንታሉ ሳይነካ ጓዳ ተቀምጦ ነበር።

አስካለ ተነሳች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ ጥቁር ለብሳ፣ በሚሰፋት ጫማ። ልትወጣ ስትል ዞር አለች፤ ዓይኗ አባባ ወልዴን ነበር የሚፈልገው። እማማ ዘነበች አዩአት። «አውቃለሁ» አሉ። «አደራው ለእኔ ደርሶኛል። ሂጂ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ረዘመብኝ። ኩባያ አጠብኩ፤ ንጹሑን ደግሜ አጠብኩ። ጋሽ ሽኩር ውኃ በባልዲ እያመጣ «ቲቸር፣ አልመጣችም?» ይለኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ። ውስጤ እመቤቴን እየተማጸንኩ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ አባባ ወልዴ እንዴት ደግ እንደነበሩ ይወራል።

ስድስት ሰዓት አልፎ አስካለ ስኳር በፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ፊቷ ምንም አይናገርም። ለእማማ ዘነበች ሰጠች፣ እሳቸውም ተቀብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ከእኔ አጠገብ ኩባያው ላይ ቁጭ አለች። የእኛን አገር ሰው ለማያውቅ ይህንን ማስረዳት ይከብዳል። ለቅሶ ቤት ውስጥ የምሥራች አይጠየቅም። «ሆነልሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ «ሆነልኝ» ማለት ደግሞ ይብሳል። ድንኳኑ እስኪፈርስ መጠበቅ አለብን። ስለዚህ ሁለታችንም ኩባያ እናጥባለን። ጋሽ ሽኩር ባልዲውን እንደያዘ ቆሟል። ያቺ የተቆጣችን ጎረቤትም ድስቷን አቁማ ታየናለች። ለካ እሷም አውቃለች።

መታገስ አቃተኝ። ሰው የማይሰማው ቋንቋ አለን እኮ! ድምፄን ዝቅ አድርጌ በእንግሊዝኛ «አለፍሽ?» አልኳት።

«አለፍኩ» አለች በእንግሊዝኛ፤ ዓይኗን ከኩባያው ሳታነሳ። ጠይቀዋታል፣ መልሳለች። ለምን ጥቁር እንደለበሰች ሲጠይቋት «አባቴ ሞቶ ነው» ብላለች። ከፈታኞቹ አንዷ ፈረንጅ ሴትዮ ተነስታ እጇን ይዛታለች። በየጠዋቱ በጊዜ ትደርሺያለሽ ሲሏት «የስ፣ አይ ዊል» ብላ አፏን ይዛለች። ይህንን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ያን ክረምት ሁሉ እኔ ያልኩትን ደገመች እንጂ የራሷን ነገር በእንግሊዝኛ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

«መቼ ትጀምሪያለሽ?»

ደስታዋ እዚህ ላይ ትንሽ አመለጣት መሰለኝ፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። «አይ ዊል ስታርት ሰንደይ!»

የድንኳኑ ወሬ ቆመ። እኔ ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ከሸራው ወዲያ፣ ከውስጥ፣ ከእንግሊዝኛ «ዊል» የምትለዋን ቃል ብቻ የሚያውቁት የእማማ ዘነበች ድምፅ መጣ።

«እግዚአብሔር ከፈቀደ!»

ድንኳኑ በሙሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «አሜን» አለ። ጋሽ ሽኩር ባልዲውን አስቀመጠና ብቻውን «ኢንሻአላህ» አለ። አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ሰው ለአባባ ወልዴ ያለቀሰች መሰለው። ለእሳቸውም ነበር።

እልልታው በአርባው ማግስት ነው የተባለው። እስከዚያ ይዘነው ቆየን።

የአስካለ ልጆች ኮልፌ አደጉ። ትልቁ አየር ጤና ጋራዥ አለው፤ ታናሿ ነርስ ናት። እሷም ፀጉሯ እስኪነጣ እዚያው እንግዳ ማረፊያ ሠርታ ጡረታ ወጣች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ በልጧል፤ እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው፣ እሷ ከሰው ነው። የልጅ ልጄ አሁን በስልኳ ነው የምትማረው። ስልኩ ይጠይቃታል፣ ትመልሳለች፣ ልክ ስትሆን ቅጭል የሚል ድምፅ ያሰማታል። ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ዘመኑን ይባርከው። የእድሩ ቤት ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። የካሴት ቤቱ የስልክ መሸጫ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም፤ አሁን ሁሉ ነገር የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ ሰው በየራሱ ይቀመጣል።

ባለፈው ሳምንት፣ በእማማ ዘነበች ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት መጥታ ከጎኔ ያለውን ወንበር ወደ እኔ አስጠግታ ተቀመጠች። «ቲቸር» አለችኝ። አስካለ ናት። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን። እጇ አሁን ለስላሳ ነው። ሸራው ላይ ዝናቡ ሲወርድ አዳመጥን።

አቤል መኪናውን አስነስቶ ሲጠብቀኝ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«ለአርባቸው ትመጪያለሽ?» አልኳት።

«እመጣለሁ» አለችና ቆመች።

ሁለታችንም ሳናስበው ወደ ድንኳኑ ዞርን። ውስጥ ሰዎች ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። የጠበቅነው ድምፅ አልመጣም።

«እግዚአብሔር ከፈቀደ» አልኩ እኔ።

«አሜን፣ ቲቸር» አለች፤ የመኪናውን በርም ከፈተችልኝ።